የተደበቀ ደም፦ ሆድን ከፍቶ ማከምና በካሜራ ማከም
(በራዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ውድ አንባብያን! መኪና የገጨው ወይም ከፎቅ የወደቀ ሰው ብድግ ብሎ ልብሱን እያራገፈ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩም» ሲል ብዙዎቻችን ሰምተናል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። አንዳንዴ ግን ቆዳው ሳይጫር፣ ጠብታ ደም ሳይታይ፣ ጣፊያው ተሰንጥቆ ደሙ ወደ ሆዱ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጋደም ይላል፤ ሌሊት ላይ ፊቱ ይገረጣል፤ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል። ቤተሰቡ «ድንጋጤው ነው፣ ይተኛ» ይላል። ዛሬ የምናነሳው የዚህን ዓይነቱን ጉዳት ታሪክ ነው፤ የሰው ልጅ የተዘጋ ሆድን ውስጡን ለማየትና ለመጠገን ያደረገውን ረጅም ጥረት ማለታችን ነው። ከዚህ ጥረት ዛሬ ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ፦ ሆድን ከፍቶ ማከምና በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ ማከም። ሰዎች «የትኛው ይሻላል?» ብለው ይጠይቃሉ። የታሪኩን አመጣጥ ያየ ሰው ግን መልሱን ከመሣሪያው ዘመናዊነት አይፈልገውም፤ በሽተኛው በዚያች ሰዓት ካለበት ሁኔታ እንጂ።

ከምናውቀው ክስተት እንጀምር። በሒጅራ 23ኛው ዓመት፣ በዙል-ሒጃ ወር፣ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በመዲና መስጂድ የሱብሒ ሶላት ሊያሰግዱ እንደቆሙ አቡ ሉእሉአ በጩቤ ወጋቸው። ወደ ቤታቸው ከተወሰዱ በኋላ ቴምር የተዘፈዘፈበት ውሃ ቀረበላቸው፤ ጠጡት፤ በሆዳቸው ቁስል በኩል ወጣ። ከደሙ ጋር ስለተቀላቀለ ግን በቅጡ አልለይ አለ። ቀጥሎ ወተት ተሰጣቸው። ነጩ ወተት በቁስሉ ሲወጣ በዙሪያቸው የነበሩት ሁሉ እንደማይተርፉ ተረዱ። የሹራውንም ጉዳይ ለስድስቱ ሰሓቦች አስረክበው ሞቱ። ይህን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ኸሊፋው ጽናትና ስለ ሹራው ነው፤ ተገቢም ነው። በሕክምና ዓይን ስናየው ግን ወተቱ ምርመራ ነበር። አንጀት ተበስቷል ወይስ አልተበሳም ለሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን መልስ መስጠት የሚችል ምርመራ! ምርመራው የሠራው ግን ሆዱ ላይ ቀዳዳ ስለነበረ ነው። በዱላ ለተመታ፣ በበቅሎ ለተረገጠ፣ ከዛፍ ለወደቀ ሰው ወተት ቢሰጠው የሚወጣበት በር የለም።

ከዚያ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ አልፈው በአንደሉስ፣ በኮርዶባ አቅራቢያ በነበረችው መዲነቱ-ዘህራእ፣ አቡል-ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ተነሳ። እ.ኤ.አ. ከ936 እስከ 1013 እንደኖረ ይነገራል። «አት-ተስሪፍ» የተባለው መጽሐፉ ሠላሳ ክፍል ያለው ሲሆን የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሁለት መቶ ያህል የመሣሪያ ሥዕሎችንም ይዟል። ስለ ሆድ ቁስልና ስለወጣ አንጀት አመላለስና አሰፋፍ ጽፏል። ከእንስሳት አንጀት በተሠራ ክር መስፋትን ጠቅሷል። ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸው ጉንዳኖች የቁስሉን ሁለት ከንፈር እንዲነክሱ አድርጎ ከዚያ አካላቸውን ቆርጦ ስለመተው የሚነገረውንም መዝግቧል። እኔን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በክፍሉ መግቢያ ላይ ያለው ቁጣው ነው። የሰውነትን አሠራር ሳያውቁ ቢላ የሚያነሱ ሰዎችን ይወቅሳል፤ አንድ አላዋቂ ሐኪም የሴት አንገት ላይ ያለ እባጭ ሲቀድ የደም ሥር ቆርጦ ሴትየዋ ደሟ ፈስሶ እንደሞተች ይተርካል። መጽሐፉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓውያን ለዘመናት ተምረውበታል። ማንም ተነስቶ የዛሬውን ካሜራ የጀመረው እሱ ነው ቢለን ማጋነን ይሆናል። አዝ-ዘህራዊም ቢሆን የሚያክመው የተቀደደ ሆድን ነበር፤ ያልተቀደደን ሆድ ለመክፈት ማደንዘዣም፣ ከጀርም መጠበቂያም፣ የሚሰጥ ደምም አልነበረም።

እነዚህ ሦስት ነገሮች የተገኙት በቅርብ ነው። የኤተር ማደንዘዣ በአደባባይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1846 ቦስተን ላይ ነው። ሊስተር ጀርምን ስለመከላከል ያሳተመው በ1867 ነው። ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን የለየው በ1901 ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሪግነር የተባለ ጀርመናዊ ቀዳጅ ሐኪም ከከፍታ የወደቀ የ14 ዓመት ልጅ ሆድ ከፍቶ የተሰነጠቀ ጣፊያውን አወጣ፤ ልጁም ዳነ። ከዚያ ወዲህ «ሆዱ ውስጥ ደም የሚፈሰው ሰው ይከፈት» የሚለው ሕግ ሆነ። ይህ ሕግ እጅግ ብዙ ሰው አድኗል።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚሁ ዘመን ጋር ይገጥማል። የአዲስ አበባ ነዋሪ የሆናችሁ፣ ከፒያሳ በኒን መስጂድ ተነስታችሁ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግራችሁ ወደ አራት ኪሎ ብትወጡ ሥላሴ ትደርሳላችሁ። አካባቢው በቅርብ ዓመታት ብዙ ቢለወጥም የአገራችን ዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያ ቤቶች ከዚህ ሰፈር ሩቅ አይደሉም። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ከተካሄደው የዐድዋ ጦርነት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ክረምት፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሐኪሞች ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አከመ። ቀጥሎ የሩሲያ ሆስፒታል ለዓመታት በከተማዋ ሠራ። ከሥላሴ ወደ ቀበና አቅጣጫ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተከፈተው በ1902 ዓ.ም. ገደማ ነው። ወደ ስድስት ኪሎ በኩል ደግሞ በ1910ዎቹ በራስ ተፈሪ የተሠራው ቤተ ሳይዳ አለ፤ ዛሬ የካቲት 12 የምንለው ሆስፒታል ነው።

የዐድዋ ቁስለኛ የጥይትና የጦር ቁስለኛ ነው፤ ጉዳቱ የሚታይ ነው። ከዐድዋ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለአፄ ምኒልክ አመጣ። በጊዜው የደስታ ትርኢት ነበረች። ነገር ግን ከእሷ ጋር አዲስ ዓይነት ጉዳት ከተማችን ገባ ብንል አልተሳሳትንም። በሥላሴ ካቴድራል ካረፉት የንጉሣዊ ቤተሰብ አባላት አንዱ የሐረር መስፍን ልዑል መኮንን ናቸው፤ የሞቱት ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ነው። የንጉሥ ልጅ መሆን ከመንገድ አደጋ አላስጣላቸውም። ዛሬ በአገራችን ሆስፒታሎች ቆዳ ሳይቀደድ ሆዳቸው ውስጥ ከሚጎዱት ሰዎች መካከል ትልቁን ቦታ የሚይዙት የተሽከርካሪ አደጋ የደረሰባቸው ናቸው። ከሕንፃ ሥራ መወጣጫ የሚወድቁ፣ በዱላ የሚመቱ፣ በከብት የሚረገጡም ይከተላሉ።

እንዲህ ያለው ምት ሦስት ዓይነት ጥፋት ያደርሳል። ጉበትና ጣፊያ ደም የሞላባቸው ለስላሳ አካላት በመሆናቸው ይሰነጠቃሉ፤ ደም ይፈሳል፤ ሰዓቱ በደቂቃ ይቆጠራል። አንጀት ደግሞ በምቱና በአከርካሪ አጥንት መካከል ተጨፍልቆ ይበሳል፤ ይህ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ ምልክቱ በማግሥቱ ወይም ከዚያ በኋላ ሊወጣ ይችላል። ሦስተኛው ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ መቀደድ ነው። ይህን ሁሉ ከውጭ ማየት አይቻልም።

ስለዚህ ሐኪሞች ማያ መንገድ ፈለጉ። እዚህ ላይ የካሜራው ታሪክ ይጀምራል፤ አጀማመሩም ከርዕሳችን ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ጆርጅ ኬሊንግ የተባለ የድሬስደን ሐኪም በሆድ ውስጥ የሚፈስ ደምን እንዴት ላቁም ብሎ ያስብ ነበር። ሆድን በአየር ብነፋው ግፊቱ ደሙን ያቆመው ይሆን? ብሎ በውሾች ላይ ሞከረ። ግፊቱ የውስጥ አካላትን ምን እንደሚያደርጋቸው ለማየት ደግሞ የሽንት ፊኛ ማያ ቱቦን ሆዳቸው ውስጥ አስገባ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1901 ሐምቡርግ ላይ ለሐኪሞች አሳየ። አየሩ ደም አላቆመም፤ ማየቱ ግን ተሳካ። እንግዲህ የካሜራ ሕክምና የተወለደው ደም በሚፈስበት ሆድ ጥያቄ ምክንያት ሆኖ፣ ለዚያው ጥያቄ ግን መልስ ሳይሰጥ ነው። ኬሊንግ ራሱ በ1945 ድሬስደን በቦምብ ስትደበደብ ሞተ።

በ1910 ስዊድናዊው ያኮቤውስ በሰዎች ላይ ሠራበት። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ማያ ብቻ ሆኖ ቆየ፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙበት የማህፀን ሐኪሞች ናቸው። በ1980 ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም በዚህ መንገድ ትርፍ አንጀት አወጣ። ቀዳጅ ሐኪሞች ተቆጡ፤ አፌዙበትም። በ1985 ኤሪክ ሙኸ የሐሞት ከረጢት አወጣ፤ እሱም ወቀሳ እንጂ ምስጋና አላገኘም። በዚያው ዘመን ግን ትናንሽ የቪዲዮ ካሜራዎች መጡ። አንድ ዓይን በቱቦ ቀዳዳ ላይ ደፍቶ መሥራት ቀርቶ ቡድኑ በሙሉ በቴሌቪዥን መስኮት እያየ መሥራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሩጫው አልቆመም። ዛሬ ላፓራስኮፒ የምንለው ይህ ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንግባ። ሆድ ከፍቶ ማከም ሲባል ሐኪሙ ከደረት አጥንት ጫፍ ጀምሮ በእምብርት ጎን አልፎ ወደ ታች ረጅም ቀድ ያደርጋል። ደሙን ይጠርጋል፤ በአራቱም የሆድ ማዕዘን ጨርቅ ይጠቀጥቃል፤ የሚደማውን በእጁ ይይዛል። በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈስ ደም ላይ እጅ መድረስ ይችላል። አንጀትን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰ ይመረምራል። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ሕመሙ ጽኑ ነው፤ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የተሰፋው ቦታ ሊያብጥና አንጀት ሊገፋበት፣ አንጀቶችም እርስ በርስ ተጣብቀው ሊዘጉ ይችላሉ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ተከፍቶ ምንም የሚጠገን ነገር ሲታጣ ነው።

በላፓራስኮፒ ግን ቀዳዳዎቹ ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ናቸው። ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል፤ ግፊቱ በተለምዶ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደረጋል። በአንዱ ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌሎቹ መሣሪያ ይገባል። ሕመሙ አነስተኛ ነው፤ በሽተኛው ቶሎ ይነሳል፤ ቶሎ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው ይመለሳል። ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ለማየት ከእሱ የሚሻል ጥቂት ነው። ለቀን ሠራተኛና ለሾፌር ወገናችን ቶሎ መነሳት ማለት የልጆች እንጀራ ማለት ነው፤ ይህን አቅልለን ማየት የለብንም።

ታዲያ ለምን ሁሉም በካሜራ አይታከምም? ያ ጋዝ ነው ምክንያቱ። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ልቡ የሚሠራው በተረፈችው ደም ነው። ሆዱ ሲነፋ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ የደም ግፊቱ ጨርሶ ሊወርድ ይችላል። ጡንቻው ተቀዶ ከሆነ ጋዙ ወደ ደረት ገብቶ ሳንባን ይጫናል። ጭንቅላቱም የተመታ ከሆነ በአንጎል ዙሪያ ያለውን ግፊት ይጨምራል፤ በመኪና የተገጨ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመታው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ሆዱ በደም ከተሞላ ካሜራው የሚያየው ቀይ ባሕር ነው። የተበሳ አንጀትም፣ በተለይ ከጀርባ በኩል ያለው፣ ልምድ ከሌለው ዓይን ሊያመልጥ ይችላል። በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው አሠራር ስለዚህ አንድ ነው፦ የደም ግፊቱ እየወረደ ያለ ሰው ይከፈታል፤ ክርክር የለበትም። ሁኔታው የተረጋጋ፣ ነገር ግን ጥርጣሬ ያለበት ሰው፣ መሣሪያውና የሠለጠነ ቡድን ካለ፣ በካሜራ ሊታይና ሊጠገን ይችላል። ተጀምሮ ካልተመቸ ወደ መክፈት ይዞራል፤ ይህም ውድቀት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ውድ አንባብያን አንድ ነገር ልብ በሉ። «በካሜራ የታከሙት ቶሎ ዳኑ፣ ጥቂት ሞቱ» የሚሉ ጥናቶችን ብትሰሙ እውነት ናቸው፤ ነገር ግን መጀመሪያውኑ ለካሜራ የተመረጡት ሁኔታቸው የተረጋጋው ናቸው። ለመሞት የቀረቡት ሁሉ ወደ መክፈት ሄደዋል። ሁለቱን ቡድኖች እንዲሁ ማወዳደር በእግሩ መጥቶ የታከመን በቃሬዛ ከመጣው ጋር እንደማወዳደር ነው።

ሁለቱም ሰዎች የረሱት ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ጭራሽ አለመቅደድ። በ1952 ኪንግና ሹማከር የተባሉ ሐኪሞች ጣፊያቸው የወጣላቸው ጨቅላዎች ከባድ ኢንፌክሽን እንደሚይዛቸው አሳዩ። ለካስ ጣፊያ ተራ ሥጋ አልነበረም! በቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች ደግሞ የተረጋጉ ሕፃናት ጣፊያቸው ተሰንጥቆ እንኳ በክትትል ብቻ ሊድኑ እንደሚችሉ በ1960ዎቹ ጻፉ። በ1970ዎቹ ሲቲ ስካን መጣ፤ ከዚያ አልትራሳውንድ በድንገተኛ ክፍል አልጋ ጎን ቆመ። ዛሬ አልትራሳውንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ሆድ ውስጥ ደም ይኑር አይኑር ይናገራል። ከተረጋጉት መካከል አብዛኞቹ የጉበትና የጣፊያ ጉዳቶች ያለ ቢላ ይድናሉ። ሐኪም «እንከታተለው» ሲል ችላ ማለቱ አይደለም፤ በየሰዓቱ የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ የደሙን መጠን ይለካል፤ ከተለወጠ ይከፍታል።

በአገራችን ቀዳጅ ሐኪም ማሠልጠን የተስፋፋው የሕክምና ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1964 ከተቋቋመ በኋላ ነው፤ በኤድንብራ ተምረው የመጡት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በዚህ ረገድ ስማቸው ይነሳል። ላፓራስኮፒ በአዲስ አበባ በትልልቅ የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎች ይሠራል፤ በብዛት ግን በቀጠሮ ለሚታከም የሐሞት ጠጠር ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ለመጣ የመኪና አደጋ ጋዙ፣ ካሜራውና የሠለጠነው ቡድን በአንድነት መገኘታቸው ሌላ ጉዳይ ነው። ከከተማ ርቀን ስንሄድ ደግሞ ሕይወት የሚያተርፈው መክፈት ነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሠለጠኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በየወረዳው ሆስፒታል የሚሠሩት ይህንኑ ነው። «የጥንቱን ዘዴ ነው የሠሩለት» ብሎ ማዘን እንግዲህ ቦታ የለውም።

ለቤተሰብ የሚቀረው ግን ከሆስፒታል በፊት ያለው ሰዓት ነው። ሆዱ የተመታ ሰው ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፣ የግራ ትከሻው ያለ ምክንያት ካመመው፣ ካዞረው፣ ከገረጣ፣ ውሃ ውሃ ካሰኘው፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ሽንቱ ደም ከቀላቀለ ሌሊቱን ማሳደር አያስፈልግም። ሕፃን በብስክሌት መሪ ሆዱ ተወግቶ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡርም ከሆነች፣ ምልክት ሳይጠበቅ ይኬዳል። ሆዱን ወጌሻ አይሸው፤ ለተሰነጠቀ ጣፊያ መታሸት ማለት መቀደድ ነው። የሚበላ የሚጠጣ አይሰጠው። የዘምዘም ውሃም ቢሆን ይቆይለት፤ ከንፈሩን ማርጠብ ይበቃል፤ ማደንዘዣ ሲሰጠው ሆዱ ባዶ መሆን አለበትና። ሐኪሙ «ይከፈት» ካለ ደግሞ ዐረብ አገር ያለው ታላቅ ወንድም ስልክ እስኪያነሳ ፊርማ አይዘግይ። ይልቅስ ሁለት ሦስት ጎረምሶች ደም ለመስጠት ይዘጋጁ።

ጣፊያው ወጥቶለት የዳነ ሰው ከሆነ አንድ ነገር ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር ክትባት ያስፈልገዋል፤ ትኩሳት በያዘው ጊዜ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት፤ ወባ ወዳለበት ቆላ ሲወርድ መከላከያ መድኃኒት ይጠይቅ። ለሐጅ የሚሄድ ሰው የማጅራት ገትር ክትባት መውሰዱ የታወቀ ነው። ጣፊያ የሌለው ሑጃጅ ግን ያንን ብቻ ወስዶ አይቅር፤ ክትባት ለሚሰጠው ባለሙያ «ጣፊያዬ ወጥቷል» ብሎ ይንገረው።